አዲስ ፕሮግራም ልማር ወይስ መጽሐፌን ልጨርስ? በራሳቸው ወጪ ለሚያሳትሙ ደራስያን

ባለፈው ጥቅምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከዳንግላ ተነሥቶ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ካለው ቤቴ መጣ። ቡናው ገና ሳይፈላ ኮምፒውተሩን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው የመጣሁት» አለኝ። የልብ ወለዱ ረቂቅ 180 ገጽ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ግን ሦስት ወር ሙሉ አንድ ገጽ አልተጨመረበትም። አንዱ ጓደኛው «ስክሪቭነርን ካልተማርክ ረጅም ልብ ወለድ አትጨርስም» ብሎታል። ሌላው «ኢንዲዛይን ካልቻልክ መጽሐፍህ መጽሐፍ አይመስልም» ብሎታል። ስክሪቭነር ረጅም ጽሑፍ በምዕራፍ እየከፋፈሉ የሚጽፉበት ፕሮግራም ነው፤ ኢንዲዛይን ደግሞ የመጽሐፍ ገጽ የሚቀናበርበት። ልጁም ሁለቱንም ሰምቶ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማስተማሪያ ቪዲዮ ሲያይ ከርሟል።

እኔ እስካሁን ሦስት መጻሕፍት በራሴ ወጪ አሳትሜአለሁ፤ አንደኛውን በ2004፣ ሁለተኛውን በ2009፣ ሦስተኛውን በ2015 ዓ.ም.። በእነዚህ ዓመታት ተምሬ የተጠቀምኩበት ፕሮግራም አለ፤ ሞክሬ የተውኩትም አለ። ለዚያ ልጅ የነገርኩትን እዚህ በዝርዝር የምጽፈው፣ ያ ጥያቄ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅና የባከኑት ሦስት ወራት ከልቤ ስላሳዘኑኝ ነው።

የምትቆሙበትን ቦታ መዝግቡ

ስለ የትኛውም ፕሮግራም ከማሰባችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙ። ለ14 ቀን፣ እየጻፋችሁ እጃችሁ ከቁልፎቹ በተነሣ ቁጥር፣ ያቆማችሁን ነገር በአንድ መስመር ጻፉበት። ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ብርቄ ለምን ወደ ደቅ ደሴት እንደተመለሰች አላወቅሁም» ወይም «የሠርጉን ቀን በየትኛው ምዕራፍ እንደጻፍኩ ጠፋኝ» ወይም «ገጹ ተዘበራረቀ» ብላችሁ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።

ሦስተኛውን መጽሐፌን ስጽፍ እንዲህ አድርጌ 41 መስመር አገኘሁ። ከእነዚህ ውስጥ 24ቱ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ባለማወቄ የቆምኩባቸው ነበሩ። በ11ዱ ቀደም ብዬ የጻፍኩትን ነገር ስፈልግ ነበር። ፕሮግራሙ ራሱ ያስቆመኝ 6 ጊዜ ብቻ ነው። ታዲያ ለ6 መስመር ብዬ አዲስ ነገር ለመማር ስንት ጠዋት ላወጣ ነው? 24ቱን የሚፈታ ፕሮግራም ደግሞ በዓለም ላይ የለም። እነርሱን የፈታሁት ከቤዛዊት ኮረብታ ሥር በእግሬ ስመላለስ ነው።

የእናንተ ቁጥር ከእኔ ሊለይ ይችላል። ሦስት ዘመናትን የሚያፈራርቅ፣ ሃያ ገጸ ባሕርያት ያሉት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው መስመሩ «የት ጻፍኩት?» የሚል ሊሆን ይችላል። ለእርሱ መልሱ ሌላ ነው። ደብተሩ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ የጓደኛችሁን ችግር እንደራሳችሁ ችግር አድርጋችሁ እንዳትማሩለት ይጠብቃችኋል።

ፍለጋው የማይሠራው ለምንድን ነው?

«ፈልጌ አጣሁት» ብላችሁ የመዘገባችሁትን መስመር ሁሉ በፕሮግራሙ ላይ አታላክኩ። አብዛኛው ችግር የፊደላችን ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ፍጹም የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። በሦስተኛው ምዕራፍ «ፀሐይ» ብላችሁ፣ በዘጠነኛው «ጸሀይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። ይህን ወርድም፣ እንደ ወርድ ያለ ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም የሆነው ሊብረኦፊስም፣ በውድ የተገዛውም ፕሮግራም በራሱ አያስተካክልላችሁም።

መድኃኒቱ አንድ ወረቀት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚደጋገሙትን ስሞችና አጠራጣሪ ቃላት ሁሉ፣ አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ፣ በፊደል ተራ ጻፉና ከጠረጴዛው በላይ ለጥፉት። የእኔ ወረቀት 63 ቃላት ነበሩት፤ ሠናይት፣ ዓይን፣ ኃይል፣ ሥራ፣ ዐፄ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ በፈልግና ተካ ትእዛዝ አንድ በአንድ እያያችሁ አስተካክሉ። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ፤ ፊደልን በፊደል በጅምላ አትተኩ። «ሠ»ን በሙሉ ወደ «ሰ» የለወጠ ሰው «ንጉሥ»ን ሳይነካ «ሠራዊት»ን አበላሽቶ ያገኘዋል፤ ምክንያቱም ሠ እና ሥ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ቃልን በቃል ብቻ ተኩ።

በዚያው እጃችሁ የአራት ነጥቡንም ጉዳይ ጨርሱት። ብዙዎቻችን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታን አራት ነጥብ የጻፍን ይመስለናል። በዓይን ሲታይ ተመሳሳይ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ምልክት ስለሆነ መስመር ላይ ተሰንጥቆ ግማሹ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ይህኛው በጅምላ ቢተካ ጉዳት የለውም።

በእጃችሁ ያለውን ሳትጨርሱ ወደ አዲሱ አትሂዱ

ስክሪቭነርን የሚያመሰግኑ ሰዎች ሲያወሩ በደንብ ስሟቸው። ምዕራፎቹን በግራ በኩል በዝርዝር ያሳያል፤ አንዱን ጠቅ ሲያደርጉት ይከፈታል፤ ምዕራፍ 7ን ከምዕራፍ 4 በፊት ጎትቶ ማምጣት ይቻላል ይሏችኋል። እውነት ነው፤ ጥሩ ፕሮግራም ነው። ግን እነዚህ ሦስቱም ነገሮች ብዙዎቻችን በየቀኑ በምንከፍተው ወርድ ውስጥ አሉ።

የምዕራፉን ርእስ አጉልታችሁና በመጠን አሳድጋችሁ ብቻ አትለፉት። ርእሱ ላይ ሆናችሁ ኮንትሮል፣ አልትና 1 ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ሄዲንግ 1 የሚባለው የርእስ ስልት ይሰጠዋል። በሊብረኦፊስ ኮንትሮልና 1 ይበቃል። ከዚያ በወርድ ቪው ከሚለው ማውጫ ናቪጌሽን ፔን የሚለውን ምረጡ፤ በሊብረኦፊስ ኤፍ 5ን ተጫኑ። ምዕራፎቻችሁ በሙሉ በጎን ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። አንዱን ጎትታችሁ ወደ ላይ ብትወስዱት ጽሑፉ ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል። የመጽሐፉን ማውጫም ገጽ ቁጥሩን ቆጥሮ በራሱ ያወጣላችኋል።

በዘጌ ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት በቅርብ የማየት ዕድል ያገኘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ቁም ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግቶ፣ መስመሩን አስምሮ፣ የዓምዱን ስፋት ወስኖ ነው የሚጀምረው። ጽሑፉ ከገጽ ገጽ እኩል የሚሆነው ስለዚህ ነው። የርእስና የአንቀጽ ስልት ማለት ይኸው ማስመር ነው። እኛ ግን ሳናሰምር 200 ገጽ ጽፈን፣ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙን እንወቅሳለን።

ከዳንግላ የመጣው ልጅ ኮምፒውተር ላይ 180ውም ገጽ በአንድ ፋይል ውስጥ ነበር፤ አንድም የርእስ ስልት አልነበረውም። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን 22ቱን ምዕራፎች አሰመርናቸው። ሁለት ሰዓት አልፈጀም።

ማን ይቀበላችኋል?

መጽሐፍ ከእጃችሁ ወጥቶ በሌሎች ሰዎች እጅ ያልፋል። የእኔ አርታኢ ዓባይ ማዶ ትኖራለች፤ የምትሠራው በወርድ ነው። ያረመችው ሁሉ በቀለም ተለይቶ ይታያል፤ እኔም አንድ በአንድ እያየሁ እቀበላለሁ ወይም እመልሳለሁ። እርሷ የማትከፍተውን ፕሮግራም ብማር ሁለታችንንም አስቸግራለሁ። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ለአርታኢያችሁና ለማተሚያ ቤታችሁ ደውሉ።

ማተሚያ ቤቱን አራት ነገር ጠይቁት። የምትቀበሉት ምን ዓይነት ፋይል ነው? የገጹ መጠን ስንት ነው? ለሽፋኑ ከዳር የሚቆረጥ ትርፍ ስንት ሚሊ ሜትር ልተው? የጀርባው ውፍረት በዚህ ወረቀትና በዚህ ገጽ ብዛት ስንት ይሆናል? ሦስተኛውን መጽሐፌን ለማሳተም ስዘጋጅ ደውዬ ስጠይቅ የመለሰልኝ ሰው «እናቴ፣ ፒዲኤፍ ይዘው ይምጡ፤ በምን እንደሠሩት እኛ አንጠይቅም» አለኝ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ስጨነቅበት የነበረውን ነገር ከጫንቃዬ አወረደችው። ለልብ ወለድ፣ ኤ 5 በሆነ ገጽ ላይ፣ ማለትም 148 በ210 ሚሊ ሜትር፣ ወርድም ሊብረኦፊስም የሚያወጣው ፒዲኤፍ በቂ ነው። ማረጋገጥ ያለባችሁ ፎንቱ በፒዲኤፉ ውስጥ አብሮ መታሸጉን ነው። የገጹ ብዛት ደግሞ በ16 ቢካፈል መልካም ነው፤ በትልቅ ወረቀት ላይ ፊትና ጀርባ ታትሞ የሚታጠፈው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ቁጥር ስለሆነ፣ 5 ገጽ ቢተርፋችሁ ለባዶ ወረቀትም ትከፍላላችሁ።

ሽፋኑን ለባለሙያ ስጡ። በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም።

በራሳችሁ ፊደል ፈትኑት

አዲስ ፕሮግራም ለመሞከር ከቆረጣችሁ፣ ከፕሮግራሙ ጋር በመጣው የእንግሊዝኛ ናሙና አትፈትኑት። የራሳችሁን አንድ ምዕራፍ፣ ንግግር ያለበትን፣ ቁጥር ያለበትን፣ ከተቻለ ሁለት ስንኝ ግጥም ያለበትን ምረጡ። አስገቡትና የአማርኛ መጻፊያችሁ በውስጡ ይሠራ እንደሆነ ተመልከቱ። ቃል ፈልጉበት። አስቀምጡት፣ ዝጉት፣ መልሳችሁ ክፈቱት። ከዚያ ከሁሉም የሚበልጠውን ፈተና ፈትኑት፤ ጽሑፉን ከዚያ ፕሮግራም አውጥታችሁ ወደ ወርድ ፋይል መልሱትና በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። መውጫ የሌለው ቤት ውስጥ መጽሐፋችሁን አታስገቡ።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው። የ2004ቱን መጽሐፌን በከተማው ያለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበር ያስተየብኩት፤ በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት አሮጌ የግዕዝ ፎንት። መጽሐፉ ታተመ፣ አለቀ። በ2011 ዳግመኛ ላሳትመው ፋይሉን ስከፍተው ገጹ ሁሉ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅ ሆኖ ወጣ። አንድም የሚነበብ ቃል አልነበረም። 212 ገጽ ከታተመው ቅጂ ላይ እያየሁ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ አራት ወር ማታ ማታ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። እነዚያ አሮጌ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ነበር ያስቀመጡት። ፋይሉ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ነው፤ «ሀ» ሆኖ የሚታየን ፎንቱ ያንን ቅርፅ ስለሚያለብሰው ብቻ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ልብሱ ወለቀ። አንድ ፎንት ይይዝ የነበረው 256 ቦታ ሲሆን፣ የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ተባዝተው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ሏ፣ ቋና ጓ ያሉት፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ፎንት እስከ መከፈል የደረሰበት ጊዜ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ግን ለዓለም ፊደላት በኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚሰጠው የዩኒኮድ ደንብ ሦስተኛው እትም ለግዕዝ ፊደላት የራሳቸውን መለያ ቁጥር ሰጠ። በዩኒኮድ በተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ ቢጠፋ የፊደሉ መልክ ይለወጣል እንጂ «ሀ» «ሀ» መሆኑ አይጠፋም።

እናም ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የቆዩ ፋይሎቻችሁን ዛሬውኑ ክፈቱ፤ አንዱን አንቀጽ ገልብጣችሁ በስልካችሁ መልእክት መጻፊያ ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ደኅና ነው። ካልታየ፣ የሚነበብበት ኮምፒውተር ገና በሕይወት ሳለ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። ይህ ሥራ ከየትኛውም አዲስ ፕሮግራም ይቀድማል። እንደ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ የዩኒኮድ ፎንቶች አሉ፤ ቪስታ ከተባለው ዊንዶውስ ጀምሮ ደግሞ ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት አብሮ ይመጣ ነበር። ስለዚህ በአሮጌው ለመቀጠል ምክንያት አይታየኝም።

ዋጋውን በገጽ ቁጠሩ

እኔ የምጽፈው ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ነው። የሐይቁ ወፎች ገና ሲነሡ፣ ባጃጆቹ መንገዱን ሳይሞሉት። በጥሩ ቀን ሁለት ገጽ ይወጣኛል። አንድ የገጽ ቅንብር ፕሮግራም በሚገባ ለመልመድ 40 ጠዋት ከፈጀብኝ፣ ዋጋው 80 ገጽ ነው። አንድ ሦስተኛ ልብ ወለድ ማለት ነው። ታዲያ ያንኑ ቅንብር የሚሠራ ባለሙያ በገጽ ስንት እንደሚያስከፍላችሁ ጠይቁና ከገጻችሁ ብዛት ጋር አባዙት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ለአንድ ልብ ወለድ መክፈል ይሻላል። በሚቀጥሉት ዓመታት ሦስት መጽሐፍ እንደምታወጡ እርግጠኛ ከሆናችሁ ግን 40ው ጠዋት ለሦስት ይካፈላል፤ ስሌቱ ይለወጣል።

የገንዘቡን ነገር ስታሰሉ ክፍያው በምን እንደሆነ አስተውሉ። ኢንዲዛይን የሚሸጠው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚታደስ ኪራይ ነው፤ ዋጋውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኪራዩ በዶላር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር እጥፍ ሊሆን ቀረበ ማለት ነው። አንዴ ተገዝቶ የሚቀር ፕሮግራም እንዲህ ያለ ሥጋት የለበትም። ሊብረኦፊስና እንደ ኢንዲዛይን የገጽ ቅንብር ፕሮግራም የሆነው ስክራይበስ ደግሞ ጭራሽ አያስከፍሉም።

ሌላም ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር እዚህ ያለን ሁሉ እናስታውሳለን። በየጊዜው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ፈቃዱን የሚያረጋግጥ፣ ወይም ጽሑፋችሁን ሩቅ አገር ባለ ማሽን ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም እንዲህ ባለው ጊዜ በር ይዘጋባችኋል። ስለዚህ እኔ የምፈትነው ሞደሙን ነቅዬ ነው። ሦስት ቀን ያለ ኢንተርኔት ሠርቶ ካልታየ መጽሐፌን አላምነውም። መብራቱም ያው ነው፤ ፕሮግራሙ በየ5 ደቂቃው በራሱ የሚያስቀምጥ መሆኑን አረጋግጡ፤ ደርቆ የቀረ ባትሪ ያለው ኮምፒውተር ላይ እየጻፋችሁ ከሆነ ከፕሮግራሙ በፊት ባትሪውን ለውጡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር እናገራለሁ። «ይህን ሁሉ ምን አመጣው? ሱቅ ሄደህ በፍላሽ አስገልብጠው» የሚሏችሁ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። መጽሐፋችን በፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲዞር የምናለቅሰው እኛው ነን። በቅጂ መብት አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ መጽሐፍና የኮምፒውተር ፕሮግራም በአንድ ላይ ተጠርተው ነው ጥበቃ ያገኙት። የሌላውን ሰው ሥራ ሰርቀን በእርሱ ላይ የራሳችንን ሥራ አዘጋጅተን፣ ኋላ «አትስረቁን» ለማለት እኔ በበኩሌ አፍ የለኝም። መክፈል ካልቻላችሁ በነፃ የተፈቀደውን ተማሩ። በዚያ ላይ በፍላሽ የሚገለበጠው ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ እንደሚመጣ ፋይሉ የተበላበት ሁሉ ያውቀዋል።

መጽሐፉ ይወስን

ስክሪቭነርን በሙከራ ፈቃዱ አየሁት። ሙከራው 30 ቀን ነው፤ የሚቆጠረው ግን ፕሮግራሙን የከፈታችሁበት ቀን ብቻ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብትከፍቱት ከሦስት ወር በላይ ያቆያችኋል። በ12ኛው ቀን ተውኩት። የእኔ ልብ ወለድ ከልጅነት እስከ እርጅና በአንድ መስመር የሚሄድ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ መደርደሪያ አላስፈለገኝም። ታሪኩን የሚያፈራርቅ፣ ብዙ ማስታወሻና የጥናት ሰነድ አጠገቡ ማድረግ የሚፈልግ ደራሲ ግን ቢማረው አልቃወምም፤ እንዲያውም እመክረዋለሁ።

አሁን የያዝኩት አራተኛው መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም። ስለ ደንገልና ስለ ታንኳ ሠሪዎች ነው። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ሲታጨድ፣ ሲደርቅ፣ ሲታሰር፣ ታንኳው ውሃ እየጠጣ ከብዶ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲተካ፣ 64 ፎቶ አለኝ። በየፎቶው ሥር መግለጫ አለ፤ አንዳንዱ ፎቶ ሁለት ገጽ ይይዛል። ይህን በወርድ ሞክሬ አንድ መስመር በጨመርኩ ቁጥር ሦስት ፎቶ ቦታውን ለቀቀ። ደብተሬን ሳየው ከ30 መስመሮች 19ኙ «ፎቶው ሸሸ» ይላሉ። ለዚህ መጽሐፍ መልሱ «አዲስ ፕሮግራም ልማር» ሆነ።

ስክራይበስን መረጥኩ። ኪራይ የለውም፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የአማርኛው ምዕራፌ በዩኒኮድ ፎንት በትክክል ገባ፤ ፒዲኤፉም ፎንቱን ይዞ ወጣ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ በአዲሱ ስሪት የተቀመጠ ሥራ በአሮጌው ስሪት አይከፈትም፤ ስለዚህ ከሌላ ሰው ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሁለታችሁም አንድ ስሪት ጫኑ።

በራሴ እጅ ማቀናበሬ ያልጠበቅሁት ጥቅም አመጣልኝ። የአማርኛ ቃል ይረዝማል። «እንደማይመለሱላቸው» የሚለው ቃል በጠባብ ዓምድ ላይ መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ ወደ ታች ይወርድና፣ ሁለቱ ጠርዝ እኩል እንዲሆን የታዘዘው መስመር እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ክፍት ይሆናል። በብራና ዘመን ይህ ችግር አልነበረም፤ ቃላትን ሁለት ነጥብ ስለሚለያቸው ጸሐፊው ቃሉን የትም ቆርጦ ወደ ሚቀጥለው መስመር ይሄድ ነበር። እኛ ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ስንተካ ያንን ነፃነት አጣነው። የቀጠርኩት ባለሙያ እንዲህ ያለ መስመር ሲገጥመው ማድረግ የሚችለው ፊደሉን ማሳነስ ወይም ማጥበብ ብቻ ነው። እኔ ግን ደራሲዋ ስለሆንኩ ቃሉን እለውጠዋለሁ። «እንደማይመለሱላቸው»ን «ላይመለሱ» አደርገዋለሁ፤ መስመሩም ይገጥማል፣ ዓረፍተ ነገሩም አብዛኛውን ጊዜ ይሻሻላል። አንድ ደራሲ ቅንብር ይማር ዘንድ ከሰማኋቸው ምክንያቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

የምትማሩበትን ጊዜ በጥንቃቄ ምረጡ። ረቂቅ መሐል ላይ ሆናችሁ አትጀምሩ። እኔ የጀመርኩት ጽሑፉን ለአርታኢዬ ሰጥቼ እስክትመልስልኝ ባለው ጊዜ ነው፤ እጄ ባዶ ነበርና ከመጽሐፉ የሰረቅሁት ጠዋት የለም። ከመጀመራችሁ በፊት ፋይላችሁን በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን በፍላሽ፣ አንዱን በኢሜይል፣ አንዱን በወረቀት አትማችሁ። ከዚያ የምታቆሙበትን ቀን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «እስከ ኅዳር 30 አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከነፎቶው በፒዲኤፍ ካላወጣሁ፣ ስክራይበስን ትቼ ባለሙያ እቀጥራለሁ።» ቪዲዮ ማየትን እንደ ሥራ አትቁጠሩ። አንድ ነገር ለማድረግ ስትፈልጉና ሲያቅታችሁ ብቻ ያንን አንድ ነገር ፈልጋችሁ እዩ፤ ያያችሁትንም በዚያው ቀን በራሳችሁ ገጽ ላይ ሥሩት።

ምዕራፉ ኅዳር 24 ወጣ፤ 18 ገጽ፣ 14 ፎቶ። በስልኬ ልኬው ከሐይቁ ዳር ላሉት ታንኳ ሠሪ አባት አሳየኋቸው። ገጹን በጣታቸው እያሰፉ ቋጠሮውን ተመለከቱና «ይቺ ሦስተኛዋ ተገልብጣለች ልጄ፤ ማሰሪያው በዚህ በኩል ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ፎቶውን ያስገባሁት ግራ ቀኙን ገልብጬ ነው። ማታውኑ አስተካከልኩት።

ከዳንግላ የመጣው ልጅ በታኅሣሥ ደወለልኝ። የደብተሩ ሁለት ሳምንት አልቋል፤ 27 መስመር አግኝቷል። ምዕራፎቹ ከተሰመሩ ወዲህ «የት ጻፍኩት?» የሚል አንድም የለበትም። 21ዱ ስለ አንዲት ገጸ ባሕርይ ናቸው፤ እናቲቱ ልጇን ይቅር ትበል ወይስ አትበል አላወቀም። ያን ዕለት ስለ እርሷ ለአንድ ሰዓት ያህል ስናወራ ቆየን።